መጀመሪያ ፋይሉን፣ ቀጥሎ ላፕቶፑን

ትንሽ ላፕቶፕ «ተበላሽቷል» ተብሎ ቁም ሳጥን ላይ ሲወረወር፣ ብዙ ጊዜ የሞተው ማሽኑ አይደለም። ስክሪኑ ይበራል፤ ኪቦርዱ ይሠራል፤ ቻርጅም ይቀበላል። ሥራ ያቆመው መረጃ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ ብቻ ነው። ይህን ዕቃ ካቻቪቴ መያዝ የሚችል ሰው ፈቶ በሌላ ይተካዋል። ምትክ የሌለው በውስጡ ያለው ነው፦ ያላለቀ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሟች አባት ፎቶ፣ የሱቅ የዱቤ መዝገብ። ስለዚህ ለጥገና የሚነሳ ሰው ከሁሉ በፊት ቅደም ተከተሉን ማወቅ አለበት። አስቀድሞ ፋይሉን ያወጣል፤ ላፕቶፑን የሚጠግነው ከዚያ በኋላ ነው። ለምን እንዲህ እንደሚደረግ የዕቃው አሠራር ራሱ ይናገራል።

ውስጡ ምን አለ?

የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ ለገበያ ያቀረበው አይቢኤም ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1956 ነበር። ራማክ በተባለው በዚያ መሣሪያ ውስጥ 24 ኢንች ስፋት ያላቸው 50 ዝርግ ዲስኮች ይሽከረከሩ ነበር፤ የሚይዙት ግን 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላትና ቁጥሮች ብቻ ነው። ዛሬ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ መዳፍ ላይ ያርፋል፤ መሠረታዊ አሠራሩ ግን አልተለወጠም። ከመስታወት ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራና ማግኔታዊ ሽፋን የተለበጠ ዝርግ ዲስክ ይሽከረከራል፤ በቀጭን ክንድ ጫፍ ላይ ያለ ሄድ የሚባል ክፍል ደግሞ ከላዩ እየተመላለሰ ያነባል፣ ይጽፋል።

በትንንሽ ላፕቶፖች የተለመደው ፍጥነት በደቂቃ 5,400 ዙር ነው፤ በሴኮንድ 90 ማለት ነው። ሄዱ ዲስኩን አይነካም። ዲስኩ ሲሽከረከር በሚያስነሳው አየር ላይ ተንሳፎ ነው የሚሠራው። የሰው ፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ናኖሜትሮች ሲለካ፣ በሄዱና በዲስኩ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። ላፕቶፑ እየሠራ ከጠረጴዛ ቢወድቅ ሄዱ ዲስኩን ሊፍቀው ይችላል። የተፋቀው ብናኝም በተራው ሌላ ቦታ ይፍቃል። ጉዳት የደረሰበት ሃርድ ዲስክ ተሰክቶ በቆየ ቁጥር እየባሰበት ሊሄድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

መብራት በድንገት ሲጠፋስ? ባትሪው የደከመና ያለ ሶኬት የማይሠራ ላፕቶፕ ወዲያው ይጠፋል። ሃርድ ዲስኩ ለዚህም ተዘጋጅቷል፦ ሞተሩ ገና እየተሽከረከረ ሳለ ከሚያመነጨው ኃይል ተበድሮ ሄዱን ወደ ማረፊያው ይመልሳል። በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይል ግን ተቆርጦ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የደከመ ባትሪ መቀየር ለሃርድ ዲስኩም ሆነ በውስጡ ላለው ሥራ ጥበቃ ነው።

የሃርድ ዲስክን ስስነት የላፕቶፕ መሐንዲሶች ጠንቅቀው ያውቁታል። በአገራችንም በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች እጅ የገባው አረንጓዴና ነጩ ኤክስኦ ላፕቶፕ ሲነደፍ፣ ለልጆች የሚሰጥ በመሆኑ ሃርድ ዲስክ ጨርሶ አልገባለትም። በምትኩ የተገጠመለት ምንም የሚሽከረከር ነገር የሌለው 1 ጊጋባይት ፍላሽ ሜሞሪ ነው።

ሕመሙን መለየት

ሃርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል። አንድ ፋይል ለመክፈት ላፕቶፑ ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ ኮፒ ሲደረግ መሃል ላይ ቀጥ ይላል፤ በመጨረሻም ሲከፈት ኦፕሬቲንግ ሲስተም አልተገኘም ይላል። ይህ መልእክት ብቻውን የሞት ማስረጃ አይደለም፤ የተበላሸው ዊንዶውሱ ብቻ ሊሆንም ይችላል። ለመለየት ላፕቶፑ ሲነሳ ወደሚከፈተው የቅንብር ገጽ፣ ወደ ባዮስ፣ ገብቶ የሃርድ ዲስኩ ስምና ሞዴል መታየቱን ማረጋገጥ ይገባል። ከታየ፣ ስማርት የሚባለውን የዲስኩን የጤና መዝገብ የሚያነብ ፕሮግራም ስንት ሴክተር (መረጃ የሚጻፍበት የዲስኩ ትንሽ ክፍል) እንደተበላሸ ይናገራል። ስማርት ደህና ነው ያለው ዲስክም በማግስቱ ሊሞት ስለሚችል፣ መጥፎ ዜናውን ማመን፣ መልካሙን ግን መጠራጠር ይሻላል።

ጆሮም ይመረምራል። በእኩል ጊዜ ልዩነት ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ ሄዱ ቦታውን መያዝ አቅቶት እየተመላለሰ ነው። በዚህ ጊዜ ወዲያው ማጥፋት ግድ ነው።

ብዙ ፋይል የሚጠፋው ከዚህ በኋላ በሚደረገው ነው። ባለቤቱ ይደነግጥና ፎርማት ያደርጋል፤ ወይም ዊንዶውስ እንደገና ይጭናል፤ ወይም ደግሞ የዲስክ መጠገኛ ፕሮግራም ያስነሳል። ሦስቱም በሚሞት ዲስክ ላይ ይጽፋሉ፤ ሊድን የሚችለውንም ይደመስሳሉ። ፍሪጅ ውስጥ አስገብቶ ማውጣት የሚባለውም ምክር በዲስኩ ላይ ጤዛ ሊያስከትል ስለሚችል አይሞከርም። ክዳኑን ቤት ውስጥ መክፈትም እንዲሁ፤ በዓይን የማይታይ አቧራ ለሄዱ ትልቅ ድንጋይ ነው።

ፋይሉን ማዳን

ቀጭ፣ ቀጭ የማይልና ባዮስ ላይ የሚታይ ዲስክ ተስፋ አለው። ከላፕቶፑ ይወጣና ሳታ የተባለውን የዲስክ ማገናኛ ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ኬብል ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ይገናኛል፤ ወይም ላፕቶፑ ራሱ ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ በተባለ ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይከፈታል። ጥቂት ሴክተር ብቻ የተጎዳበት ዲስክ ከሆነ በጣም የሚያስፈልጉትን ፋይሎች መርጦ ቶሎ ኮፒ ማድረግ ይበቃ ይሆናል።

ጉዳቱ ሰፋ ካለ ግን ዲዲሬስኪዩ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ያለው ብልሃት የተለየ ነው። ተራ ኮፒ የተበላሸ ቦታ ሲደርስ እዚያው ይታገላል፤ ዲስኩም በትግሉ ይደክማል። ዲዲሬስኪዩ ግን ጤነኛውን ክፍል አስቀድሞ ያወጣል፤ የከበደውን ዘልሎ ያልፍና ደህናው ሁሉ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ይሞክረዋል። የዳነውንና የቀረውን በመዝገብ ስለሚይዝ ሥራው ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። ስክሪኑ ላይ የዳነው መጠን ከፍ እያለ፣ ፍጥነቱ አንዴ እየወረደ አንዴ እየተነሳ ይታያል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ኮፒው የሚያርፍበት ዲስክ ከታመመው ያላነሰ መሆን አለበት። ከምንም በላይ ደግሞ ምንጩና መድረሻው እንዳይገለባበጡ ትእዛዙን ደግሞ ደጋግሞ ማንበብ ይገባል፤ ከተገለባበጡ ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ይጻፍበታል።

ቀጭ የሚለውና ጨርሶ የማይታየው ግን ንጹሕ ክፍልና መለዋወጫ ያለው የመረጃ ማዳን ባለሙያ ይፈልጋል። ዋጋው ከላፕቶፑ ሊበልጥ ስለሚችል ባለቤቱ የሚወስነው ፋይሉ ለእሱ ምን ያህል እንደሚያወጣ አስቦ ነው።

መፍታትና መተካት

ፋይሉ ከዳነ ቀሪው ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን ባለ 10.1 ኢንች ኤሰር አስፓየር ዋን ዲ250ን እንውሰድ። መጀመሪያ ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ባትሪውም ይወጣል። ከሆዱ በኩል ያለው የሃርድ ዲስክ ክዳን ብሎኑ ተፈትቶ ይነሳል። ሃርድ ዲስኩ በጎን ከሳታ ሶኬቱ ተንሸራቶ ይወጣል እንጂ ወደ ላይ አይጎተትም፤ 7 የመረጃና 15 የኃይል መስመር ያለው ሶኬት በቀላሉ ይሰበራል። የብረት መያዣው ተፈትቶ ለአዲሱ ይገጠማል። ሌሎች ሞዴሎች ክዳን ስለሌላቸው ኪቦርዱን ማንሳት ይጠይቃሉ።

አዲሱ በፍላሽ ሜሞሪ የሚሠራው ኤስኤስዲ ቢሆን እመክራለሁ። በ5,400 ዙር የሚሽከረከር ዲስክ የሚፈለገው ቦታ ከሄዱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ 5.6 ሚሊሴኮንድ ይጠብቃል፤ ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ይህ ጥበቃ የለበትም፤ መውደቅም ያን ያህል አያሰጋውም። የድሮዎቹ ዲስኮች ውፍረት በአብዛኛው 9.5 ሚሊሜትር፣ የኤስኤስዲው 7 ሚሊሜትር ስለሆነ እንዳይንቀሳቀስ ቀጭን ማስደገፊያ ይደረግለታል። አሮጌ ማሽን ከአዲስ ኤስኤስዲ ፍጥነት በከፊል ብቻ ስለሚጠቀም እጅግ ፈጣኑን በውድ መግዛት አያስፈልግም። ከመግዛት በፊት ግን የላፕቶፑን ሞዴል ማጣራት ይገባል፤ አንዳንድ አዳዲስ ርካሽ ላፕቶፖች ማከማቻቸው ማዘርቦርዱ ላይ ስለተበየደ በቀላሉ አይቀየርም።

ሶፍትዌሩም እንደ ማሽኑ አቅም ይመረጣል። የዲ250 አቶም ኤን270 ፕሮሰሰር ባለ 32 ቢት ነው፤ ራሙም 1 ጊጋባይት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ለ32 ቢት አይሆንም። ደቢያን 12 የተባለው ሊኑክስ ግን ለ32 ቢት መጫኛ አለው። አቢሲኒካ የተባለው ነጻ የግዕዝ ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ ሲታከሉበት ለጽሑፍ ሥራና ለተማሪ በደንብ ያገለግላል።

ጥገናው የሚያልቀው ግን ላፕቶፑ ሲከፈት አይደለም። ኤስኤስዲም ይሞታል፤ ያውም ብዙ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ የሞተውንም ማንበብ ከሃርድ ዲስክ ሊከብድ ይችላል። ስለዚህ የዳነው ፋይል ወደ አዲሱ ዲስክ ሲመለስ ሌላ ኮፒ በኤክስተርናል ዲስክ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከቤት ውጪ፣ በዘመድ ዘንድ ወይም ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥ። ኮፒዎቹም በየጊዜው ይታደሱ፤ እየተከፈቱም ይፈተሹ። ይህን ያደረገ ሰው በሚቀጥለው ብልሽት የሚያጣው የአንድ ዲስክ ዋጋ ብቻ ይሆናል።