ላም አለኝ በሰማይ፤ የአየርላንድ 26 በመቶ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2016 የአየርላንድ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ ያወጣው አኃዝ የገበያ ተከታታዮችን አስደነገጠ። የአገሪቱ አጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት በ2015 በ26.3 በመቶ አድጓል ይላል። ቢሮው ራሱ ከጥቂት ወራት በፊት የገመተው ዕድገት 7.8 በመቶ ነበር።

በዚያው ዓመት ሥራ የያዘው ሕዝብ የጨመረው በ2.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱን አካፍሎ ለሚያይ ነጋዴ ውጤቱ ጉድ ያሰኛል። አንድ የአየርላንድ ሠራተኛ በአማካይ የሚያመርተው በአንድ ዓመት ውስጥ በ23 በመቶ ያህል ጨመረ ማለት ነው። በበለጸጉት አገሮች የሠራተኛ ምርታማነት በዓመት 2 በመቶ ካደገ ጥሩ ዓመት ይባላል። ታዲያ የደብሊን ሠራተኛ ምን በልቶ ነው?

አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ፖል ክሩግማን ቁጥሩን በአየርላንድ ተረት ወርቁን በማሰሮ ደብቆ ከሚኖረው ድንክ ጋር አያይዞ ተሳለቀበት። በአማርኛ ቢሆን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው በበቃ ነበር።

ማካፈሉ ቀላል ነው

የሠራተኛ ምርታማነት የማካፈል ሂሳብ ነው። ከላይ ምርቱ፣ ከታች ለምርቱ የዋለው የሥራ ሰዓት ይቀመጣል። አሥር ሠራተኞች ያሉት የልብስ ስፌት ቤት በቀን 8 ሰዓት ሠርቶ 160 ሸሚዝ ቢያወጣ፣ በ80 ሰዓት 160፣ ማለትም በሰዓት 2 ሸሚዝ ነው። በዓመቱ ባለቤቱ ሁለት ሰው ጨምሮ የቀኑ ምርት 216 ቢደርስ፣ ምርቱ በ35 በመቶ፣ ሰዓቱ በ20 በመቶ አደገ። በሰዓት የሚወጣው 2.25 ሸሚዝ ነውና የምርታማነት ዕድገቱ 12.5 በመቶ ይሆናል።

ስህተት የሚመጣው ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ሸሚዙ ስለተወደደ ብቻ ሽያጩ ቢያድግ ያ የዋጋ ንረት እንጂ ምርታማነት አይደለም፤ ስለዚህ የዋጋ ጭማሪው መቀነስ አለበት። ሁለተኛ፣ በሰዓት ፈንታ የሠራተኛ ቁጥር ብቻ ከተወሰደ፣ እስከ ማታ የሚያመሽ ሠራተኛ ምርታማ መስሎ ይታያል። ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ ከላይ የተቀመጠው ምርት ከታች የተቆጠሩት ሰዎች የሠሩት መሆን አለበት። የአየርላንድ ጉዳይ ያረፈው እዚህ ላይ ነው።

ላሟ ከየት መጣች?

በ2015 አንዳንድ ግዙፍ የውጭ ኩባንያዎች የፓተንትና የሶፍትዌር መብቶቻቸውን በአየርላንድ ቅርንጫፎቻቸው መዝገብ ላይ አዛወሩ። ምክንያቱ ግብር ነው። የአገሪቱ የንግድ ትርፍ ግብር 12.5 በመቶ ነበር፤ መብት የገዛ ኩባንያም የገዛበትን ዋጋ በየዓመቱ ከትርፉ ላይ እየቀነሰ ግብሩን ያቃልላል። የአውሮፕላን አከራይ ኩባንያዎችም አውሮፕላኖቻቸውን እዚያው ያስመዘግባሉ። በዚያ አንድ ዓመት ወደ 300 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ሀብት በአገሪቱ የካፒታል ክምችት ላይ ተጨመረ። ስታቲስቲክስ ቢሮው የኩባንያ ስም እንዳይገልጽ ሕግ ያስረዋል፤ ተንታኞች ግን ትልቁ ድርሻ የአፕል እንደነበር በኋላ ደምድመዋል።

መብቱ አየርላንድ ሲመዘገብ ምርቱም ይከተለዋል። ዕቃው ቻይና ውስጥ በሌላ ድርጅት ፋብሪካ ተገጣጥሞ ለሦስተኛ አገር ገዢ ይሸጣል፤ የአየርላንድን መሬት አይረግጥም። የዕቃው ባለቤት አየርላንድ ያለው ኩባንያ ስለሆነ ግን፣ በዓለም አቀፉ የብሔራዊ ሂሳብ ደንብ መሠረት ሽያጩ የአየርላንድ ወጪ ንግድ ተብሎ ይመዘገባል። ቢሮው አልዋሸም፤ ደንቡን ተከተለ። ዕቃውን የገጣጠሙት እጆች ግን አየርላንድ ውስጥ አልተቆጠሩም። ምርቱ ከላይ ሲያብጥ፣ ከታች ያለው ሠራተኛ እምብዛም አልተነቃነቀም።

ወተቱ የማን ነው?

ላሟ ጭራሽ ወተት አልሰጠችም ማለት አይደለም። መንግሥት ከኩባንያዎች የሰበሰበው ግብር በ2014 ከነበረበት 4.6 ቢሊዮን ዩሮ በ2015 ወደ 6.9 ቢሊዮን ዩሮ ከፍ ብሏል። ሆኖም ይህ የግምጃ ቤቱ ድርሻ እንጂ በሠራተኛው ሰዓት ላይ የታየ ለውጥ አይደለም። ምርታማነት በ23 በመቶ አደገ ብሎ ደመወዝ የጠየቀ ሠራተኛም ሆነ፣ ያንን አምኖ የጨመረ አሠሪ፣ ሁለቱም በኪሳራ በወጡ ነበር።

አበዳሪውም ሊሳሳት ይችል ነበር። የመንግሥት ዕዳ በ2014 ከአጠቃላይ ምርቱ ከ100 በመቶ በላይ የነበረው በ2015 ከ80 በመቶ በታች ወረደ። የወረደው በዋናነት ዕዳው ተከፍሎ ሳይሆን ማካፈያው ስላበጠ ነው። በሌላ በኩል የአውሮፓ ኅብረት መዋጮ የሚሰላው በብሔራዊ ገቢ ነውና፣ አገሪቱ በወረቀት ላይ ስትበለጽግ የመዋጮ ሂሳቧም አብሮ ከፍ አለ።

የአገሪቱ ባለሙያዎች ቁጥሩን አድበስብሰው አላለፉትም። በማዕከላዊ ባንኩ ገዥ በፊሊፕ ሌን የሚመራ ኮሚቴ መፍትሔ እንዲፈልግ ተደረገ። በ2017 ቢሮው የተሻሻለ ብሔራዊ ገቢ የሚባል አዲስ መለኪያ አወጣ። መለኪያው በውጭ ኩባንያዎች የተያዙትን መብቶችና የኪራይ አውሮፕላኖች የእርጅና ተቀናሽ፣ እንዲሁም ዋና መሥሪያ ቤታቸውን በስም ብቻ ያዛወሩ ድርጅቶችን ትርፍ ያወጣል። በ2016 ይህ ገቢ ከአጠቃላይ ምርቱ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ቢሮው ከዚያ ወዲህ ምርታማነትን ሲያወጣ የውጭ ኩባንያዎች የበዙበትን ዘርፍ ከአገር ውስጡ ለይቶ ነው።

ነገሩ ወደ ታችም ይሠራል። በ2023 የአየርላንድ አጠቃላይ ምርት ቀነሰ፤ ሥራ ያለው ሰው ግን ጨመረ። በስሌቱ መሠረት ምርታማነት ወደቀ። ሠራተኛው ግን በዚያ ዓመት አልሰነፈም፣ በ2015ም ጀግና አልሆነም።

ከታች ያለው ቁጥር

አየርላንድ የተቸገረችው ከላይ ባለው ቁጥር ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ይበልጥ የሚያስቸግረው ከታች ያለው ነው። የምርት አኃዝ በየዓመቱ ይወጣል፤ ብሔራዊ የሠራተኛ ኃይል ጥናት የተካሄደው ግን እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ2005፣ በ2013 እና በ2021 ነው። የመጨረሻው ትግራይን አላካተተም። በመካከል ላሉት ዓመታት የሚነገር የምርታማነት ዕድገት ማካፈያው በግምት የተሞላ ነው።

ትርጉሙም ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጄኔቫ የተሰበሰቡት የዓለም የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች፣ በዋናነት ለቤቱ ፍጆታ የሚያመርት ገበሬ «ሥራ ላይ ያለ» ተብሎ እንዳይቆጠር ወስነዋል። ይህንን ትርጉም የወሰደ አገር ማካፈያው በአንድ ጊዜ ያንሳል። ገበሬው ያው እርሻው ላይ ነው፣ እህሉም በምርቱ ውስጥ ይቆጠራል፤ ምርታማነት ግን በወረቀት ላይ ይዘላል። አሮጌና አዲስ ትርጉም ያላቸውን ዓመታት ሳይለይ የሚያወዳድር ሰው በብዕር የመጣውን በማረሻ የመጣ ያስመስለዋል።

በምርታማነት አኃዝ ተማምኖ ገንዘቡን ለሚያፈስ ሰው ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው። የዋጋው ንረት ተቀንሷል? የተቆጠረው ሰው ነው ወይስ ሰዓት? መቼና በየትኛው ትርጉም ተቆጠረ? ምርቱስ የእነዚያው ሰዎች ነው? መልስ ያላገኘ ሰው ላሟን ከመግዛቱ በፊት ወተቷን ማየት ይሻለዋል።