ድምፃቸውን ቢነጠቁ ቦርሳቸውን ዘጉ

«የመረጥነው ሰው ቢበድለን ምን እናድርግ?» ብላችሁ ማኪያቶ የምትጠጡበት ቤት ጠይቁ። መልሱ የታወቀ ነው፤ «ለሚቀጥለው ምርጫ መጠበቅ!» እሺ፣ ጥሩ። ግን ሰውዬው የሚቀጥለውን ምርጫ ራሱን ቢነጥቃችሁስ? ካርዳችሁ ኪሳችሁ ውስጥ እያለ ከተማው ከሥራችሁ ሾልኮ ቢሄድስ? ቀልድ እንዳይመስላችሁ! በአሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ፣ ተስኪጊ በምትባል ትንሽ ከተማ የሆነ ነገር ነው።

ተስኪጊ ለኛም ጭራሽ ባዕድ አይደለችም። በጣልያን ወረራ ጊዜ መጥቶ ለኢትዮጵያ የበረረው ጥቁር አሜሪካዊ ፓይለት እዚያው በሚገኘው የጥቁሮች ተቋም ተምሯል። በከተማዋ ጥቁሩ ከነጩ ይበዛል፤ መምህሩም፣ ሐኪሙም፣ ነርሱም ሞልቷል። ተመራጮቹ ግን ነጭ ብቻ! ለምን ቢሉ፣ ጥቁር ሰው «መራጭ ልሁን» ብሎ ሲሄድ መዝጋቢዎቹ ወይ ቢሮ አይገቡም፣ ወይ «የሚመሰክርልህ መራጭ አምጣ» ይሉታል፣ ወይ ሲጠብቅ ይውልና ሳይመዘገብ ይመለሳል። (የ«ነገ ተመለስ»ን ነገር ለናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው።)

አንድ የሲቪክ ማኅበር ነበራቸው። መሪው የተቋሙ የሶሲዮሎጂ መምህር ናቸው። ማኅበሩ ሥራዬ ብሎ የያዘው ነገር ለወሬ እንኳን አይመችም፤ መጻፍ ነው! ማን ሊመዘገብ ሄደ? በየትኛው ቀን? ስንት ሰዓት ጠበቀ? ምን ተባለ? ይኼንኑ ደብተር ላይ ማስፈር። እንዲህ እያሉ እየተመላለሱ በከተማዋ 400 ያህል ጥቁር መራጭ ሲገኝ ሹማምንቱ ደነገጡ።

እ.ኤ.አ. በ1957 የአላባማ ሕግ አውጪዎች የከተማዋን ወሰን ቀየሩት። አራት ማዕዘን የነበረችው ተስኪጊ 28 ጎን ያላት ጉድ ሆነች! መስመሩ እየተጠማዘዘ ጥቁሩን ሰፈር ከነተቋሙ ወደ ውጪ ጣለው። ከ400ው ጥቁር መራጭ ከተማ ውስጥ የቀረው 4 ወይ 5 ሰው ነው። ከነጩስ? አንድም አልወጣ።

ድምፅ የሌለው ሰው ተመራጭን በምን ይጠይቃል? እነዚህ በቦርሳቸው ጠየቁ። በሰኔ ወር በሺህ የሚቆጠር ሰው ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ ከነጮቹ ሱቅ ላለመግዛት ተስማማ። ብልጠታቸውን ተመልከቱ፤ በአላባማ ሕግ «አድማ» ብሎ መጥራት ስለሚያስከስስ፣ «ከወዳጆቻችን ጋር ብቻ እንገበያያለን» ነው ያሉት። ወዳጅህን መምረጥ ወንጀል ነው እንዴ? ለአስቤዛ ሞንትጎመሪ ድረስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነዳው ነዳ፤ አንዳንዱም የራሱን ሱቅ ከፈተ። ዋና ዐቃቤ ሕጉ የማኅበሩን ቢሮ አስፈተሸ፣ ከሰሰም። በ1958 ግን ዳኛው «ሰው ከፈለገው ዘንድ የመግዛት መብት አለው» ብሎ ፈረደላቸው። እስከዚያው ብዙ ሱቆች ተዘግተዋል።

በነገራችን ላይ፣ ይኼ ድፍረት ዝም ብሎ ከሰማይ አልወረደም። ብዙዎቹ ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከተቋሙና ከፌዴራሉ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ስለሆነ የከተማው ሹም ተነስቶ ሊያባርራቸው አይችልም። የነጭ መሬት የሚያርሰው ገበሬ እንዲህ ልድፈር ቢል ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ነበር የሚወድቀው። «ለምን ሌላው እንደነሱ አልደፈረም?» የሚል ሰው ይኼን ባይረሳ ጥሩ ነው።

ያ አሰልቺ ደብተርስ? በታኅሣሥ 1958 የፌዴራሉ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን ሞንትጎመሪ ላይ ምስክር ሲሰማ የተስኪጊ ሰዎች ቀንና ሰዓት እየጠቀሱ ተናገሩ። «ተበድለናል» ማለት ሌላ፣ «በዚህ ቀን ይህን ያህል ሰዓት ቆሜ ተመለስኩ» ማለት ሌላ! የወሰኑን ጉዳይ ደግሞ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱት። በኅዳር 1960 ዘጠኙም ዳኞች አንድ ሆነው ፈረዱላቸው፤ በ1961 ሕጉ ተሽሮ የድሮው ወሰን ተመለሰ።

በ1964 ጥቁሩ መራጭ ከነጩ በዝቶ ሳለ ማኅበሩ ወንበሩን ሁሉ እንያዝ አላለም። ጥቁርና ነጭ የተቀላቀሉበትን ቡድን ደገፈ፤ ሁለት ጥቁሮች ምክር ቤት ገቡ። ወጣቶቹ ተቆጡ፤ ትዕግሥቱ በዛባቸው። በኔ በኩል በወጣቶቹም በሽማግሌዎቹም መፍረድ ይከብደኛል። በ1972 ከተማዋ የመጀመሪያውን ጥቁር ከንቲባዋን መረጠች፤ ሰውዬው ገና የ30 ዓመት ወጣት ነበር።