ከተናጋሪው ጀርባ ያለው ስክሪን

ፓወርፖይንትን የፈጠረው ማይክሮሶፍት አይደለም። ሐሳቡ የሮበርት ጋስኪንስ ነው። ጋስኪንስ እ.ኤ.አ. በ1984 ካሊፎርኒያ ሰኒቬል ውስጥ ፎርሶት ከሚባል አነስተኛ ኩባንያ ገባ፤ ሐሳቡን ወደ ፕሮግራም የለወጠው ደግሞ ዴኒስ ኦስቲን ነው፤ በኋላም ቶማስ ሩድኪን ተጨመረላቸው። መጀመሪያ የሰጡት ስም «ፕረዘንተር» ነበር፤ ስሙን ሌላ ኩባንያ ቀድሞ አስመዝግቦት ስለተገኘ ፓወርፖይንት ተባለ። በኤፕሪል 1987 ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር ብቻ፣ ያውም በጥቁርና ነጭ፣ ለገበያ ወጣ። በጥቂት ወራት ውስጥ ማይክሮሶፍት 14 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ኩባንያውን ጠቀለለው። የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ፕሮግራሙን ያገኙት በ1990 ነው።

የመጀመሪያው ፓወርፖይንት ስክሪን ላይ የሚታይ ነገር ለማቅረብ አልተሠራም። በዕድሜ ገፋ ያሉ መምህራን እንደሚያስታውሱት፣ ያኔ ማሳያ የሚቀርበው በላስቲክ ወረቀት ላይ ተጽፎ በኦቨርሄድ ፕሮጀክተር ነበር። ያንን የሚያዘጋጁት ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች ናቸው፤ አንድ ቁጥር ለማስተካከል እንኳ እነሱን ደጅ መጥናት ግድ ነበር። የጋስኪንስ ዓላማ ተናጋሪው የራሱን ማሳያ በራሱ እጅ እንዲያዘጋጅ ማስቻል ነው። በ1988 ቀለም ተጨመረ። በ1992 ጋስኪንስ ፓሪስ በሚገኘው ሆቴል ሬጂና ላፕቶፑን ከፕሮጀክተር ጋር አገናኝቶ ለማይክሮሶፍት ባልደረቦቹ ስላይዶቹን በቀጥታ አሳየ። ዛሬ በመመረቂያ ጽሑፍ ዲፌንስም ሆነ በሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ የምናየው አቀራረብ ከዚያ የመጣ ነው።

የዚህን መሣሪያ ጉልበትም አደጋም ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ፌብሩዋሪ 2003ን ማየት አለበት።

ከዚያ በፊት በነበረው ወር፣ ጃንዋሪ 16፣ ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በተተኮሰች በ82ኛው ሰከንድ ገደማ ከውጭው የነዳጅ ታንክ አንድ የፎም ቁራጭ ተገንጥሎ የግራ ክንፏን መታ። መንኮራኩሯ ገና በጠፈር ላይ ሳለች የቦይንግ መሐንዲሶች ጉዳቱን ገምተው ለናሳ ኃላፊዎች በስላይድ አቀረቡ። ከስላይዶቹ አንዱ ዛሬም ይጠቀሳል። ትልቁ ርእስ ሲነበብ የሙከራው ውጤት የሚያረጋጋ ይመስላል። ከርእሱ ሥር ነጥብ፣ ከነጥቡ ሥር ሌላ ነጥብ፣ ከዚያም ሥር ሌላ አለ። መጨረሻ ላይ፣ በትንንሾቹ ፊደሎች፣ ዋናው ነገር ተጽፏል፦ ክንፉን የመታው ቁራጭ 1920 ኪዩቢክ ኢንች ይገመታል፤ ሙከራው የተደረገበት ግን 3 ኪዩቢክ ኢንች ብቻ ነው። ቁራጩ በመጠን ከሙከራው 640 እጥፍ ነው ማለት ነው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን መንኮራኩሯ ወደ ምድር ስትመለስ ተበታተነች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች አለቁ።

የአደጋው መርማሪ ቦርድ በሪፖርቱ ይህን ስላይድ ነቅሶ አውጥቶ፣ ቴክኒካዊ ጽሑፍ በሚያስፈልግበት ቦታ ስላይድ መተካቱን ነቅፏል። የዬል ዩኒቨርሲቲው ኤድዋርድ ተፍቲም ስላይዱን መስመር በመስመር ተንትኖታል። እኔ ከዚህ ትንታኔ የምወስደው አንድ ነገር አለ። ነጥብ ከነጥብ ሥር በገባ ቁጥር ፊደሉን የሚያሳንሰው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። ጸሐፊው ካልተቆጣጠረው የሐሳቡን ክብደት የሚወስነው መስመሩ ያረፈበት ቦታ ይሆናል። ስለዚህ ቁልፉ ሐሳብ ርእሱ ላይ ይውጣ፤ «የሙከራ ውጤት» ከማለት «ሙከራው ይህን አደጋ አይሸፍንም» ብሎ መጻፍ ይቻላል።

ኮሎምቢያ በተበታተነችበት በዚያው ወር፣ በዓለም ሌላኛው ጫፍ፣ ስላይድን በሌላ መንገድ የመግራት ሐሳብ ተወለደ። አስትሪድ ክላይንና ማርክ ዳይታም የተባሉ ቶኪዮ የሚኖሩ አርክቴክቶች ወጣት ዲዛይነሮችን ሥራቸውን እንዲያሳዩ አንድ ምሽት ጋበዙ። አርክቴክት ማይክ ከያዘ እንደማይለቅ ስለሚያውቁ ሕግ አወጡ፦ 20 ስላይድ፣ ለእያንዳንዱ 20 ሰከንድ፣ የሚያሳልፈውም ኮምፒውተሩ ራሱ እንጂ ተናጋሪው አይደለም። ሁሉም በ6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያልቃል። ፔቻኩቻ የተባለው ይህ ምሽት ከ1000 በሚበልጡ ከተሞች ተካሂዷል።

ሕጉ ቀላል ቢመስልም ተናጋሪውን ይለውጣል። በ20 ሰከንድ ውስጥ አንቀጽ ማንበብ ስለማይቻል ስላይዱ ላይ ፎቶ ወይም ሥዕል ይቀመጣል፤ ንግግሩ ደግሞ ተናጋሪው አፍ ላይ ይቀራል። ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዙሮ የተጻፈውን የሚያነብ ሰው እዚያ ቦታ የለውም። መሞከር የሚፈልግ «ትራንዚሽንስ» በሚለው ሥር «አድቫንስ ስላይድ» ላይ «አፍተር» የሚለውን 20 ሰከንድ አድርጎ የማውሱን ምልክት ያጥፋ፤ ከዚያ ለሁሉም ስላይዶች እንዲሠራ ይዘዝ።

የፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች ለብቻቸው የሚገናኙበት ጉባኤም አለ። በአሜሪካ ሪክ አልትማን የሚያዘጋጀው፣ ቀድሞ ፓወርፖይንት ላይቭ፣ ዛሬ ፕረዘንቴሽን ሰሚት የሚባለው ጉባኤ ቀናት የሚፈጅ ትምህርትና ውይይት ነው። የተበላሸ ፋይሉን ይዞ የመጣ ሰው ከባለሙያ ጎን ተቀምጦ የሚያስተካክልበት ቦታም አለው። ይህን ፕሮግራም አብዛኛው ሰው የተማረው ከጓደኛው ትከሻ በላይ እያየ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል።

በእንዲህ ያሉ ስብሰባዎች ተደጋግሞ ከሚነሣው ሁሉ የሚበልጥብኝ ስላይድ ማስተር ነው። በየመሥሪያ ቤቱ አርማውን አርባ ስላይድ ላይ አንድ በአንድ የሚለጥፍ፣ አለቃው «ወደ ግራ ይሁን» ሲለው እንደገና አርባውንም የሚነካካ ሠራተኛ አይጠፋም። «ቪው» ውስጥ «ስላይድ ማስተር» ተከፍቶ አርማው፣ ፊደሉና ቀለሙ አንድ ጊዜ ከተስተካከለ ሁሉም ይስተካከላል። ሌሎቹ ዘዴዎች አጫጭር ናቸው። በንግግር መሀል «ቢ» የምትለው የእንግሊዝኛ ፊደል ስትነካ ስክሪኑ ይጠቁርና የሰው ዓይን ወደ ተናጋሪው ይመለሳል። ጠያቂ «ስላይድ 17ን ላየው» ካለ 17 ተጽፎ ኢንተር መጫን ይበቃል። በስልክ የተነሡ ፎቶዎች ፋይሉን ካከበዱት «ኮምፕረስ ፒክቸርስ» ያቀለዋል።

በአማርኛ ስላይድ ለሚሠራ ሰው ግን ዋናው ፈተና ፊደሉ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ መተየቢያዎች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ስለሚያስቀምጡ፣ በእነሱ የተጻፈ ስላይድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይሆናል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ሙሉ በሙሉ አይድንም። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ በዊንዶውስ 10 ተጨማሪ ሆኖ ለብቻው የሚጫን ፎንት ሆኗል። ስለዚህ በኒያላ የተሠራ ስላይድ ሌላ ቦታ ሲከፈት በሌላ ፎንት ተተክቶ መስመሮቹ ከሳጥናቸው ሊወጡ ይችላሉ። መድኃኒቱ በ«ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሴቭ» ገብቶ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር አብሮ እንዲቀመጥ ማዘዝ ነው። ለዚህም አቢሲኒካና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሳሰሉ በነፃ የሚገኙ ፎንቶች አሉ።

ከኋላ ወንበር ያለውን ተመልካችም ማሰብ ያስፈልጋል። «ሱ»ን ከ«ሲ» የሚለየው በቀኝ እግር ላይ ያለች አጭር ጭረት ወገብ ላይ መሆኗ ወይም ታች መውረዷ ብቻ ነው። ፕሮጀክተሩ ከደከመ ይህች ጭረት ትጠፋለች። ስለ አቀራረብ የጻፈው ጋይ ካዋሳኪ ለእንግሊዝኛ ስላይድ ከ30 ፖይንት ያነሰ ፊደል እንዳይኖር ይመክራል፤ ለእኛ ፊደል ከዚያ መውረድ ጨርሶ አይገባም ባይ ነኝ። «ቦልድ»ም ይጎዳል፤ ፎንቱ የራሱ ደማቅ ቅርጽ ከሌለው ፕሮግራሙ ፊደሉን በግድ ስለሚያወፍረው የ«ሴ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት ትደፈናለች። አጽንዖት የሚያስፈልገው ቃል በመጠን ወይም በቀለም ቢለይ ይሻላል።

የሥዕልና የግራፊክ ዲዛይን ተማሪዎቻችን ለዚህ የሚሆን ሙያ አላቸው። ለግዕዝ ፊደል ታስቦ ርእሱ፣ የመስመር ርቀቱና የፊደል መጠኑ በስላይድ ማስተር ላይ የተስተካከለ ንጹሕ ቴምፕሌት ሠርተው ለትምህርት ቤቶችና ለመሥሪያ ቤቶች በነፃ ቢለቁ ትልቅ ውለታ ነው። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችም ከዲፌንሱ ወቅት በፊት ተማሪዎቻቸውን አንድ ከሰዓት ሰብስበው በ20 ስላይድና በ20 ሰከንድ ሕግ እንዲለማመዱ ያድርጓቸው። አዳራሹም ፕሮጀክተሩም በእጃቸው ነው።