ለትንሽ ወርክሾፕ የሚሆን ሲኤንሲ

ከትናንሽ የእንጨት ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዙ) ራውተሮች መካከል በርካሽነቱ የሚታወቀው «3018» ነው። ቁጥሩ የሥራ ገበታውን ስፋት ይናገራል፦ 30 በ18 ሴንቲ ሜትር። ስም ይቀርጻል፣ ስስ ኤምዲኤፍም ቀስ እያለ ይቆርጣል። የበር ጌጥ ልሥራበት የሚል አናጺ ግን ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ቢያቆየው ይሻለዋል።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ሞተሮች መቁረጫውን ቢት ወደ ጎን፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ላይና ታች ያንቀሳቅሱታል። የሚታዘዙት ጂ-ኮድ በሚባል ፋይል ሲሆን፣ በትናንሾቹ ላይ ፋይሉን የሚያነበው አብዛኛውን ጊዜ ጂአርቢኤል የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ነው። በዚህ በኩል ርካሹና መካከለኛው ብዙም አይበላለጡም። የሚለያዩት ብረቱ ላይ ነው።

ሻጭ ስለ ስፋትና ስለ ሞተር ጉልበት ማውራት ይወዳል። እኔ የምለው ግን መጀመሪያ ማሽኑን አስበርቶ፣ ቢቱ ሳይሽከረከር፣ የመቁረጫውን ሞተር በእጅ ወደ ጎን መግፋት ነው። እዚያው ከተወዛወዘ ዋንዛ ውስጥ ሲገባም ይወዛወዛል፤ ጠርዙም የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ይዞ ይወጣል። ከዚህ የባሰም አለ። የነዚህ ማሽኖች ሞተሮች ብዙውን ጊዜ የታዘዙትን እርምጃ ይቆጥራሉ እንጂ በትክክል መድረሳቸውን አያረጋግጡም። እንጨቱ ጠንክሮባቸው ጥቂት እርምጃ ካመለጣቸው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቅርጽ በሙሉ ተዛንፎ ይቀጥላል።

ስለዚህ በጀት ሲጠብ የሚቀነሰው ስፋቱ እንጂ ጥንካሬው አይደለም። በአሉሚኒየም ላይ የሚንከባለል የፕላስቲክ ጎማ እየተበላ ይላላል፤ የብረት ሀዲድ ይሻላል። ረጅም ቺንጋም ይለጠጣል፤ በጥርሳም ዘንግ የሚነዳው ይመረጣል።

መካከለኞቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው እንደ ማኪታ ያለ የእጅ ራውተር ነው። ጩኸቱ አያስቀምጥም፣ ካርቦኑም በየጊዜው ይቀየራል፤ ግን ጉልበት አለው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ከላከው ቮልቱን ማየት ነው፦ የዚያ አገሩ በ120 ቮልት ስለሚሠራ፣ ያለ ትራንስፎርመር የኛን 220 ከቀመሰ ይቃጠላል።

ቢት እንዳይሰበር ብሎ በቀስታ መንዳት የተለመደ ነው፤ ትርፉ ቢቱን ማቃጠል ነው። በደቂቃ 18,000 ጊዜ የሚዞር ባለ ሁለት ጥርስ ቢት፣ እያንዳንዱ ጥርስ 0.05 ሚሊ ሜትር እንዲነክስ በደቂቃ 1,800 ሚሊ ሜትር መሄድ አለበት። ማሽኑ ካቃተው ጥልቀቱን መቀነስ ይሻላል። የሚወጣው ብናኝ ዱቄት ከሆነ ቢቱ እያሸ ነው፤ ሰጋቱራው ፍርፋሪ ሲሆን ነው የሚቆርጠው።

እኛ አገር ደግሞ የመብራት ነገር አለ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ያለበትን ቦታ ይረሳል። መነሻውን የሚነግረው ስዊች ካለው፣ መብራት ሲመለስ ሄዶ ነክቶት ይመጣል፤ እንጨቱ ካልተነካ ሥራው ከቆመበት አካባቢ ይቀጥላል። አንዳንድ ርካሽ ማሽኖች ያለዚህ ስዊች ስለሚሸጡ፣ ዋጋ ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ ነው።