ዋጊኖስን የሣለው እጅ

ስለ ተጓዡ ጄምስ ብሩስ ያልሰማ ጎንደሬ ጥቂት ነው፤ አብሮት የመጣውን ሉዊጂ ባሉጋኒን ግን የሚያነሣው የለም። ባሉጋኒ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1737 ጣሊያን፣ ቦሎኛ የተወለደ ሠዓሊ ነው። በሰሜን አፍሪካ የሮማውያንን ፍርስራሽ ሲነድፍ ቆይቶ በ1769 ከብሩስ ጋር ምጽዋ ወረደ።

ሙያው የሚታየው በዕፅዋት ሥዕሎቹ ላይ ነው። መጀመሪያ በእርሳስ ይነድፋል፤ ከዚያ በውኃ ቀለም ይሞላል። ኅዳር 1770 ግሽ ዓባይም አብሮ ነበር። ብሩስ ግን በ1790 ባሳተመው ባለ 5 ቅጽ መጽሐፍ ከዓባይ ምንጭ ጉዞ አወጣው፤ ሥዕሎቹንም የራሱ አደረጋቸው። ባሉጋኒ ከዚያ ጉዞ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ጎንደር ታሞ ሞተ። ምንጩ ድረስ መሄዱን የመሰከረለት በእጁ የጻፈው የጉዞ ማስታወሻ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ዋጊኖስ የተባለው ተክል ሥዕል ነገር ነው። ብሩስ በ1771 ማብቂያ ከጎንደር ወጥቶ በራስ አልፊል፣ ማለትም በዛሬው የመተማ ቆላ በኩል ወደ ሰናር ወረደ። በዚያ ቆላ ደም ያለው ተቅማጥ ይዞት የዋጊኖስ ሥር ልጣጭ እንዳዳነው፣ ተክሉ እዚያ እንደ ልብ እንደሚበቅል፣ ሥዕሉም እዚያው እንደተሣለ ጽፏል። ባሉጋኒ ያን ጊዜ አፈር ለብሷል። ታዲያ የሣለው ማን ነው?

ተክሉም ጥያቄ አለው። ዋጊኖስ የወይና ደጋና የደጋ ቁጥቋጦ ነው። ከመተማ እስከ ገንዳ ውኃ በተመላለስኩባቸው ዓመታት የዕጣን ዛፉን እንጂ ዋጊኖስን አንድም ቀን አላየሁም። ያገኘሁት ዳገቱን ወጥቼ ጭልጋ ስደርስ ነው። ቅርንጫፉን ሳብ አድርጌ አየሁት፦ ቀንበጡ ዝገት በመሰለ ጠጉር ተሸፍኗል፤ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ተሰልፈው ጫፉ ላይ አንዲት ብቻዋን ትቀራለች፤ አበባው ጥቃቅን፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው። ይህን ለመሣል ዓይንም ትዕግሥትም ይጠይቃል።

የሳይንስ ስሙ ብሩሲያ አንቲዲሴንተሪካ ነው፤ ክብሩ እዚህም ለብሩስ ሄዷል። መጽሔት የምታዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከእነዚህ ሥዕሎች ሥር «ብሩስ የሣለው» እያላችሁ ለምን ትጽፋላችሁ? የባሉጋኒ ወረቀቶች ዛሬ አሜሪካ፣ ኒው ሄቨን፣ በዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተቀምጠዋል፤ በስሙም ተመዝግበዋል።