የሐይቅ ዳር የት ነው?

ልጆች፣ ይህን ነገር ካወቅሁ ወዲህ ሳልነግራችሁ መቀመጥ አልቻልኩም። ባለፈው ግንቦት ዝዋይ ወርጄ ነበር፤ ባቱ ማለቴ ነው። ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ልሻገር ብዬ ሐይቁ ዳር ስደርስ ከእንጨት የተሠራ አንድ የጀልባ መሳፈሪያ አየሁ። ድልድይ መስሎ ወደ ውሃው ተዘርግቷል። ውሃው ግን እዚያ የለም! መሳፈሪያው ጭቃ ላይ ቆሞ፣ ውሃው ከጫፉ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሸሽቷል። ሰው ሁሉ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ በጭቃው ውስጥ ወደ ጀልባዋ ይጓዛል። አንዲት እናት ልጅ አዝለው፣ ዘንቢል አንጠልጥለው፣ እያንዳንዷን እርምጃ እየፈተኑ ሲሄዱ አሁንም ዓይኔ ላይ ናቸው።

ጀልበኛውን «ለምን ከውሃው አርቀው ሠሩት?» አልኩት።

«ሲሠራማ ውሃው ውስጥ ነበር» አለኝ። «ጥቅምት ላይ ብትመጣ ደግሞ ውሃው ወለሉን ሲልሰው ታያለህ።»

ወንዝ ክረምት ሞልቶ በጋ እንደሚጎድል እኛ የበቆጂ ልጆች ከማንም በላይ እናውቃለን። ሐይቅ ግን ለእኔ እንደ ተራራ ነበር፤ ካለበት የማይነቃነቅ። ዝዋይ ከክረምት መውጫ እስከ ግንቦትና ሰኔ ድረስ የሚወርደው በአማካይ ከአንድ ሜትር ብዙም እንዳልራቀ ስሰማ ደግሞ የባሰ ግራ ገባኝ። አንድ ሜትር እኮ እስከ ወገቤ ነው! እንዴት ሆኖ ነው የወገብ ያህል መውረድ ሠላሳ እርምጃ የሚያሸሸው?

እስቲ አንድ ብርጭቆና አንድ ትሪ አምጡ። ብርጭቆውን ሙሉት፣ ከዚያ አንድ ጉንጭ ጠጡለት። ውሃው ወረደ፣ ከመስታወቱ ግን አልራቀም። አሁን ትሪውን በአንድ በኩል የክብሪት ቀፎ ደግፉበትና ጥቂት ውሃ አፍስሱበት። የውሃውን ጠርዝ በጣታችሁ ምልክት አድርጉ። አንድ ማንኪያ ብቻ ቅዱለት። አያችሁት? ጠርዙ ሸሸ! ከፍታው የወረደው በዓይን የማይለይ ቅንጣት ነው፣ ጠርዙ ግን ጣት ሙሉ ተጓዘ። እኔ ይህን ያደረግሁት ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ብቻዬን «አሃ!» ብዬ ጮኽኩ።

ዝዋይ ትሪ ነው። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ! ከቤታችሁ በር ብዙም አይበልጥም። እንደዚህ ባለ ደልዳላ ዳርቻ መሬቱ አንድ ሜትር ዝቅ እስኪል ሃምሳ ሜትር የሚያስኬድ ከሆነ፣ ውሃው አንድ ሜትር ሲወርድ ሃምሳ ሜትር ይሸሻል። ስለዚህ «የሐይቁ ዳር የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «በየትኛው ወር?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ቆይ፣ ገና ደስ የሚለው አልመጣም። ያ ውሃ የማን ነው? የእኛ ነው! በምዕራብ በኩል ከጉራጌ ደጋ የመቂ ወንዝ ይገባል፣ በእኛ በኩል ደግሞ ከታር። ከጭላሎ፣ ከገለማና ከካካ ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች ተሰባስበው ከታር ይሆኑና ዝዋይ ይገባሉ። በቆጂ ያለችው 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ሐይቁ 1,636 ሜትር ላይ። እዚህ በሐምሌ የገብስ ማሳችን ላይ የሚወርደው ዝናብ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ መስከረምና ጥቅምት ላይ የዚያን ጀልበኛ ጀልባ ከፍ ያደርጋታል። ይህን ሳስብ አሁንም ሰውነቴን ይነዝረኛል።

የሚወጣውስ? ጥቂቱ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይሄዳል፣ ጥቂቱ ለመስኖና ለአበባ እርሻ ይቀዳል፣ ብዙውን ግን ፀሐይ ትጠጣዋለች። ስንዴ በጆንያ ካለው ይልቅ ሰፌድ ላይ የተሰጣው ቶሎ ይደርቅ የለ? ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅም እንደዚያው ነው።

ይህ የትንንሽ ጀልባ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጣናን ተመልከቱ፤ ከዝዋይ እጅግ ይሰፋል፣ መርከብ ይሄድበታል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በባሕር ዳር አጠገብ ጨረጨራ የሚባል የውሃ መቆጣጠሪያ በ1988 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ለጢስ ዓባይ የመብራት ኃይል ውሃውን በልክ ለመልቀቅ ነው። በ1995 ዓ.ም. ዝናቡም አንሶ፣ ለመብራቱም ብዙ ተለቆ፣ የሐይቁ ከፍታ ከ1,785 ሜትር በታች ወረደ። መርከቦቹ ለመንቀሳቀስ የሚያስፈልጋቸው ትንሹ ከፍታ ደግሞ ያ ነበር። ለአራት ወር ገደማ መርከብ ቆመ! ሐይቁ አልደረቀም፤ ውሃ እስከ አድማስ ድረስ ሞልቷል። የጎደለው ትንሽ ነው፣ ያችው ትንሽ ግን መንገዱን ዘጋችው።

እንግዲህ ዳሩ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የማይንቀሳቀስ መሳፈሪያ ምን ይሠራል? እኔ ያገኘሁት መልስ ሁለት ነው።

አንዱ ተዳፋት ነው። ደረጃ ወይም መድረክ ሳይሆን ከደረቁ መሬት ጀምሮ ወደ ውሃው ውስጥ የሚወርድ የኮንክሪት ቁልቁለት። ውሃው ሲሞላ ጀልባዋ ከላይ ትጠጋለች፣ ሲጎድል ከታች፤ ምንጊዜም የምትጠጋበት ቦታ አላት። ቁልቁለቱ በአንድ ሜትር ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ይበቃል። ከዚያ ከለዘበ ጀልባዋ ወደ ደረቁ ሳትጠጋ መሬት ትነካለች፣ ከዚያ ከበረታ ጀልባዋን ጎትቶ የሚያወጣው ሰው ያዳልጠዋል። ገጹ ልስልስ መሆን የለበትም። ሲሚንቶው ሳይደርቅ፣ ሊጥ ላይ በጣት እንደሚሰመረው፣ አግድም ቦይ ቦይ ይደረግበታል፤ ውሃ ውስጥ የቆየ ነገር ሁሉ አረንጓዴ የሚያዳልጥ ልብስ ይለብሳልና። የታችኛው ጫፍ ደግሞ ሐይቁ እጅግ ከሚጎድልበት ደረጃ በታች መውረድ አለበት። ስለዚህ መቼ ይሠራል? በግንቦትና በሰኔ፣ ውሃው ራሱ ቦታውን ለቆ ሲሰጣችሁ! በጥቅምት የሚሠራ ሰው ግን ጫፉን የሚያቆመው ሐይቁ ሞልቶ ባሳየው ዳር ላይ ነው።

ግን እንደ ትሪው ደልዳላ በሆነ ዳርቻ ተዳፋት ብቻውን አይበቃም፤ ቦታ መምረጥ ያስፈልጋል። ደሴቶቹ ኮረብታ ስለሆኑ ዳራቸው ቶሎ ይጠልቃል፣ እዚያ ቀላል ነው። በየብሱ በኩል ደግሞ ድንጋያማና ቶሎ የሚጠልቅ ጥግ ይፈለጋል። ከወንዝ አፍ መራቅም ግድ ነው። ለምን? ጀበናን አስቡ። ቡናው ሲፈላ አተላው ይተራመሳል፣ ጀበናውን አውርዳችሁ ስታስቀምጡት ይዘቅጣል። ከታርም ከደጋው አፈራችንን እያተራመሰ ይወርድና ሐይቁ ውስጥ ሲገባ እርጋታ ያገኛል፤ የያዘውን እዚያው አፉ ላይ ያስቀምጣል። እዚያ የተሠራ መሳፈሪያ በየዓመቱ በደለል ይሞላል። እኔ የታረሰ ተዳፋት ላይ እርከን መሥራት ለገበሬው ብቻ የሚጠቅም ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለጀልበኛውም ነው!

ሁለተኛውን መልስ ግን በጣም ነው የወደድኩት፤ ተንሳፋፊ መሳፈሪያ። ባዶ ጀሪካን ክዳኑን ዘግታችሁ በርሜል ውሃ ውስጥ ለማስመጥ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? እጃችሁን ይገፋል አይደል? ምን ሆኖ ነው የሚገፋው? ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሰምጥ 20 ሊትር ውሃ ከቦታው ያፈናቅላል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ያ የተፈናቀለ 20 ኪሎ ውሃ ቦታዬን መልሱልኝ ብሎ ወደ ላይ ይገፋል! ጀሪካኑ ራሱ አንድ ኪሎ ያህል ቢመዝን የቀረውን 19 ኪሎ ይሸከምላችኋል። አራት ጀሪካን አንድ ሰው ያንሳፍፋል ማለት ነው። በየቤታችን ውሃ የምንቀዳበት ጀሪካን!

አሁን ወደ ትልቁ እንሂድ። ባለ 200 ሊትር የብረት በርሜል የራሱ ክብደት ተቀንሶለት ወደ 180 ኪሎ ይሸከማል። ስድስት ሰው 420 ኪሎ ቢሆን፣ የእንጨቱ ወለል 200 ኪሎ ቢሆን፣ ድምሩ 620 ነው። አራት በርሜል ይችለዋል፤ ግን ሊሰምጥ ትንሽ ቀርቶት ነው። ስምንት ብታደርጉት ግማሽ ግማሹ ከውሃው በላይ ሆኖ ይቀመጣል። በርሜሎቹን መሃል ላይ አታከማቹ፤ ወደ ዳርና ዳር አርቁ። ሰው እግሩን አራርቆ ሲቆም እንደማይወድቀው ነው።

ውሃው ሲሞላ መሳፈሪያው አብሮ ይወጣል፣ ሲጎድል አብሮ ይወርዳል። ታዲያ ንፋስ እንዳይወስደው ምን ይያዘው? ይህን ሥዕል ላይ ሳይ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ከሐይቁ ወለል ውስጥ ረጅም ምሰሶ ይተከላል፣ መሳፈሪያው ላይ ሰፊ የብረት ቀለበት ይታሰራል፣ ምሰሶውም ቀለበቱን ያጠልቃል። አለቀ! ቀለበቱ በምሰሶው ላይ ሽቅብና ቁልቁል ይንሸራተታል እንጂ ወደ ጎን መሄድ አይችልም። ከደረቁ መሬት ወደ መሳፈሪያው የሚያሻግረው ድልድይ ደግሞ እንደ በር ማጠፊያ ይደረግለታል፤ በጥቅምት ጠፍጣፋ ይሆናል፣ በግንቦት ያዘቀዝቃል።

ለምን እንዲህ እንደተንገበገብኩ ልንገራችሁ። ጭቃ ብቻ ቢሆን ታጥቦ ይሄዳል። ዝዋይ ዙሪያ ግን ቢልሃርዚያ አለ። የበሽታው ተሸካሚ ትንሽ ቀንድ አውጣ ናት፤ የምትኖረውም ጥልቀት በሌለው፣ ሣር በበዛበት የሐይቅ ዳር ነው። ከእሷ የሚወጡት በዓይን የማይታዩ ትሎች ውሃው ውስጥ በቆመ እግር ቆዳ በኩል ይገባሉ። እንግዲህ እኒያ እናት ጫማቸውን አውልቀው፣ ሠላሳውን እርምጃ አልፈው ወደ ጀልባዋ የገቡባት ጥልቀት የሌላት ውሃ ቀንድ አውጣዋ የምትወዳት ቦታ ናት! እግር ሳይረጥብ ጀልባ ላይ መውጣት የቅንጦት ነገር አይደለም። የዛይ ሰዎች በደሴቶቹ ላይ ይኖራሉ፤ ገበያቸውም፣ ሕክምናቸውም በየብሱ በኩል ስለሆነ ይህን ውሃ አንዴ ሳይሆን በየጊዜው ይሻገሩታል። ስለዚህ መሳፈሪያ የሚሠራ ሰው ከብት የሚጠጣበትንና ልብስ የሚታጠብበትን ቦታ ለየት አድርጎ፣ ገንዳም ሠርቶ፣ ለሰው መሻገሪያውን ሣሩን አጽድቶ ቢያዘጋጅ እንዴት ባማረ!

ከመመለሴ በፊት ጀልበኛው አንድ ውለታ ዋለልኝ። ውሃው የደረሰበት ጫፍ ላይ እንጨት ተክለን ቀይ ጨርቅ አሰርንበት፤ ከእንጨቱ እስከ መሳፈሪያው ጫፍ ያለውንም በእርምጃ ቆጥሬ ጽፌዋለሁ። እዚህ ደግሞ ከሰኔ ጀምሮ ጓሯችን ውስጥ ቆርቆሮ አስቀምጬ ዝናቡን በማስመሪያ እለካለሁ። ጥቅምት ሲገባ ከቀይዋ ጨርቅ በላይ ምን ያህል ውሃ እንዳለ ለማየት እወርዳለሁ። መለኪያ የሚሆን ረጅም ዱላ አለኝ፤ ጀልባዋ ላይ ሆኖ ቁጥሩን የሚጽፍልኝ አንድ ሰው ግን ያስፈልገኛል። ቅዳሜ የሚመቸው ማን ነው?