ከሙቀጫ የተወለደ ዱካ

ጆሞ ታሪኩ ያደገው አዲስ አበባ ነው። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪያል ዲዛይን ተምሮ ዛሬ ቨርጂኒያ ውስጥ ወንበር ይሠራል፤ ሐሳቡን የሚቀዳው ግን ከአገር ቤት ነው። ሙቀጫን ዱካ አድርጎታል። የደጋ አጋዘን ቀንድ ኒያላ ለተባለው ወንበሩ መነሻ ሆኗል። ከሁሉ የሚደንቀው የመቋሚያው ወንበር ነው፦ ካህናት በማሕሌት ለሰዓታት ቆመው የሚደገፉበትን ዘንግ ለመቀመጫ ማዋል ድፍረትም ብልሃትም ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አንድ ልዩ ክፍል ከፈተ። ሴኔካ ቪሌጅ የተባለችው የጥቁሮች መንደር በ1850ዎቹ ለሴንትራል ፓርክ ሲባል ባትፈርስ ኖሮ ቤቶቿ ምን ይመስሉ ነበር የሚለውን በምናብ የሚያሳይ ክፍል ነው። የጆሞ ሥራም እዚያ ቦታ አግኝቷል።

በ2022 ደግሞ ወንበሮቹ በሁለተኛው የብላክ ፓንተር ፊልም ታዩ።

የዲዛይን ትምህርት ቤቶቻችን ሥራዎቹን ለተማሪዎቻቸው ሊያሳዩ ይገባል።